ከደጋ ወርዶ ባሕር ላይ ጄት ስኪ ለሚነዳ ሰው የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ከገና በኋላ ወደ ሞምባሳ የሚሄዱ የደብረ ብርሃን ልጆች ሁሌ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ዋና አልችልም፤ ጄት ስኪ መንዳት እችላለሁ?» ጄት ስኪ ማለት እንደ ሞተር ሳይክል ላዩ ላይ ተቀምጠው ውሃ ላይ የሚነዱት ነው። ከደብረ ሲናም፣ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከመሐል ሜዳም ይኸው ጥያቄ ይመጣል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ። መልሱ አጭር ነው። ይቻላል፤ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ገብታችሁ መለማመድ አለባችሁ፤ እዚያ ስትደርሱም መጀመሪያ የሚማረው እጃችሁ ነው።

እጃችሁ የሚማረው ይሄን ነው፦ የጄት ስኪ የጋዝ መጫኛ ሲለቀቅ መሪው አይታዘዝም። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ።

መመሪያውን ያዘጋጀሁት በኬንያ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ባለው የዲያኒ የባሕር ዳርቻ ለሚነዳ ጀማሪ ነው። ሌላ አገር ብትሄዱ የነፋሱና የሙላቱ ነገር ይለያያል። የተቀረው ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት። የመግቢያ ደንብ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ።
- በልካችሁ የሆነ ላይፍ ጃኬት። አከራዩ ይሰጣችኋል፤ መፈተሽ ግን የእናንተ ሥራ ነው።
- ፊሽካ። ላይፍ ጃኬቱ ላይ የሚታሰር።
- እጀ ረጅም ተለጣፊ የዋና ልብስ፣ እንዲሁም ወፍራም ቁምጣ ወይም ዌትሱት (ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ወፍራም የላስቲክ የውሃ ልብስ)።
- ከእግር የማይወልቅ የውሃ ጫማ።
- ማሰሪያ ያለው የፀሐይ መነጽር።
- ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም።
- ውሃ የማያስገባ የስልክ ከረጢት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል።
- የመጠጥ ውሃ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል።
- የቀኑን የባሕር ሙላት ሰዓት የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ወይም የሆቴሉ ሰንጠረዥ።

ነጠላ፣ ሻሽ፣ ረጅም ቀሚስና የተንዠረገገ ክር ያለው ልብስ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ዲያኒ ላይ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ባሕሩ በአመዛኙ ረጋ ያለ፣ ውሃውም የጠራ ነው። ገናና ጥምቀትን ተከትሎ መሄድ የሚመቸው ለዚህ ነው። ፋሲካ ግን ከዚያ አገር ትልቁ ዝናብ ጋር ይገጣጠማል። ከሚያዝያ ጀምሮ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነሳል፤ ባሕሩም ይናወጣል። ለፋሲካ ዕረፍት ጄት ስኪ ብላችሁ ገንዘብ ባታወጡ እመክራለሁ።

ቀጥሎ ሙላቱ። እኛ አገር ሐይቅ በአንድ ቀን ከፍ ዝቅ አይልም። ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚዘገይ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በሞምባሳ አካባቢ ከ3 ሜትር በላይ ይደርሳል። ግማሽ ጨረቃ አካባቢ ይጠባል። ለጀማሪ የግማሽ ጨረቃ ሳምንት የተሻለ ነው።

ይሄ ለምን አስፈለገ? ዲያኒ ላይ ከዳርቻው ፈንጠር ብሎ የኮራል ድንጋይ ግድግዳ አለ። ከግድግዳው ወዲህ ያለው ውሃ የተረጋጋ ስለሆነ የምትነዱት እዚያ ውስጥ ነው። ውሃው ሲሸሽ ያ ሜዳ ጥልቀቱን ያጣል፤ ቦታ ቦታ ላይ ድንጋዩ ይወጣል። ጄት ስኪ ደግሞ ከሥሩ ውሃ እየሳበ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከሙላቱ ጫፍ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ሰዓታት ምረጡ። ከቻላችሁ ደግሞ ሙላቱ ጠዋት ላይ የሚውልበትን ቀን ያዙ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል።

የሰዓት ነገር ካነሳን፣ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደኛው ነው። በስዋሂሊ «ሦስት ሰዓት» ያላችሁ ሰው የእኛን የጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ «ዘጠኝ» ካለ ግን ያው የጠዋት 3 ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የሙላት ሰንጠረዥም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ጠዋት ወይም ከሰዓት ብላችሁ አስረግጡ።

ደረጃ 2፦ ከቤት ሳትወጡ ውሃ ልመዱ

2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያደገ ሰው ዋና የሚማርበት ዕድል ጠባብ ነው። የበሬሳ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ጀማና ወንጭት ደግሞ በክረምት የሚፈሩ ወንዞች ናቸው። ስለዚህ ሶደሬ ወይም አዲስ አበባ ሆቴል ገንዳ ሂዱና ከዋና አስተማሪ ጋር ሦስት ነገር ተለማመዱ።

አንደኛ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ዘላችሁ ግቡ። ፊታችሁ ይጠልቃል፤ ከዚያ ጃኬቱ ያወጣችኋል። ይሄን ሰውነታችሁ በገንዳ ካልቀመሰው ባሕር ላይ ስትወድቁ ትደነግጣላችሁ። የደነገጠ ሰው ትንፋሹን ስቦ ውሃ ይጠጣል።

ሁለተኛ፣ በጀርባችሁ ተንጋላችሁ አሥር ደቂቃ ቆዩ። ምንም ሳትታገሉ። እርዳታ እስኪመጣ የሚያቆያችሁ ይሄ ነው።

ሦስተኛ፣ ደረጃውን ሳትጠቀሙ ከውሃው በክንዳችሁ ወደ ገንዳው ጠርዝ ውጡ። ጄት ስኪ ላይ ተመልሶ መውጣት የዚህ ዓይነት ጉልበት ይጠይቃል።

ሦስቱንም በእርጋታ ማድረግ ያልቻለ ሰው እዚያ ሄዶ ከአስተማሪ ኋላ ተሳፋሪ ሆኖ ይቀመጥ። እሱም ደስ ይላል።

ደረጃ 3፦ ስትከራዩ ፈትሹ

ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። ከኤርፖርቱ ወደ ዲያኒ በሊኮኒ ጀልባ ተሻግራችሁ ወይም በዶንጎ ኩንዱ መንገድ ትሄዳላችሁ። የባሕር ዳርቻው ላይ እንደደረሳችሁ ደላላ ይከባችኋል። አትቆጡ፤ ሰላም በሉና አልፋችሁ ሆቴላችሁን ጠይቁ። ቋሚ ቦታ ያለው፣ አስተማሪ የሚመድብና የክትትል ጀልባ ያለው አከራይ ምረጡ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

- የኪራዩ ሰዓት የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ትምህርቱን ይጨምራል?
- ነዳጅ ዋጋው ውስጥ አለ?
- መያዣ ስንት ነው? በምን ምክንያት ይቀነሳል?
- ሞተሩ መሐል ላይ ቢቆም ማን ይመጣል? በምን ያህል ጊዜ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ያለ ማመንታት ካልመለሰላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከዚያ ጄት ስኪውን ዙሪያውን በስልክ ቪዲዮ አንሱ። ሆዱንም ጭምር። የቆየ ጭረት አዲስ ተብሎ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጊዜ ስላለ፣ አከራዩ እያየ ብትቀርጹ ክርክር አይነሳም። ነዳጁ ሙሉ መሆኑን እዩ። መቀመጫው ሥር ያለው ክዳን ጥብቅ መሆኑን አረጋግጡ፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። የሚሸከመው ክብደትና የሰው ብዛት አካሉ ላይ ተለጥፏል፤ አንብቡት።

ልጆችን በተመለከተ፣ ትልልቆቹ አምራቾች ከ16 ዓመት በታች ያለ ሰው እንዳይነዳ ይመክራሉ። አከራዩ «ችግር የለም» ቢልም እናንተ አትፍቀዱ። ተሳፋሪ ልጅም ቢሆን እግሩ መርገጫው ላይ በደንብ ካልደረሰ አይሳፈር።

ደረጃ 4፦ ልብሱን በትክክል ልበሱ

ላይፍ ጃኬቱን ለብሳችሁ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ዝጉ። እጃችሁን ወደ ላይ አንሱና ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጫችሁን አልፎ ከወጣ ሰፍቷል። ሰፊ ጃኬት ውሃ ውስጥ እሱ ይንሳፈፋል፤ እናንተ ከሥሩ ትሾልካላችሁ።

ወፍራም ቁምጣ ወይም ዌትሱት የሚለበሰው ለብርድ አይደለም። ከጄት ስኪው ኋላ የሚወጣው ውሃ ኃይለኛ ነው። ወደ ኋላ የወደቀ ሰው ላይ ውሃው በታችኛው የሰውነት ክፍል ገብቶ ከባድ የውስጥ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስስ የዋና ልብስ ይሄን አይከላከልም። ለመናገር ያሳፍራል ተብሎ ስለሚዘለል ነው በግልጽ የጻፍኩት። በተለይ ኋላ የሚቀመጥ ሰው ይሄን ሳይለብስ አይውጣ።

ረጅም ፀጉር ይጠቅለል። ነጠላና ሻሽ ዳርቻው ላይ ይቀመጥ። ከሥር ውሃ የሚስበው ቀዳዳ ጨርቅና ፀጉርም ይስባል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ተቀቡ። የእግር ጣት፣ የጆሮ ጫፍና ማጅራት አይረሱ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚያደርጋችሁ መቃጠላችሁን የምታውቁት ማታ ነው።

ደረጃ 5፦ ገመዱን እሰሩ፣ ጥልቅ ውሃ ላይ ተነሱ

ቁልፉ ላይ የተያያዘ ጥምዝምዝ ገመድ አለ። ሌላኛውን ጫፍ የግራ እጃችሁ አንጓ ላይ ወይም ላይፍ ጃኬቱ ላይ እሰሩ። ስትወድቁ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ካልታሰረ ጄት ስኪው ጥሏችሁ ሊርቅ ይችላል፤ ላይፍ ጃኬት የለበሰ ሰው ደግሞ ዋኝቶ አይደርስበትም።

ሞተሩን የምታስነሱት ውሃው ወገባችሁ ላይ ሲደርስ ነው። ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል። ከዚያ ባነሰ ውሃ ላይ አሸዋና ጠጠር ይስብና ውስጥ ያለውን ፕሮፔለር (ውሃውን የሚገፋውን ሽክርክሪት) ይበላዋል። ያ ደግሞ ከመያዣችሁ ይቆረጣል። እስከዚያ ድረስ በእጃችሁ እየገፋችሁ ውሰዱት።

ደረጃ 6፦ ጋዝና መሪውን ተለማመዱ

ለዚህ ደረጃ ሃያ ደቂቃ ስጡ። አስተማሪው ቸኩሎ «በቃ ገብቷችኋል» ቢላችሁም ጊዜው የእናንተ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። ጄት ስኪ ከውጭ ፕሮፔለር የለውም። ውሃ ከሆዱ ይስብና በኋላ በኩል ባለች አፍ ይተፋዋል። መሪውን ስታዞሩ የምትዞረው ያቺ አፍ ናት። የሚወጣ ውሃ ከሌለ የምታዞሩት ነገር የለም። ጋዝ ለቀቃችሁ ማለት መሪም ለቀቃችሁ ማለት ነው።

አደጋው ያለው ልማዳችን ላይ ነው። ጣርማበርን የሚወርድ ሾፌር ከፊቱ ከብት ሲገባበት እግሩን ከነዳጁ አንስቶ መሪ ይጠመዝዛል፤ ትክክልም ነው። ውሃ ላይ ይሄንኑ ያደረገ ሰው ቀጥ ብሎ ሄዶ ይጋጫል። በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ ጄት ስኪ ጋዝ ተለቅቆም ለመቆም እስከ 100 ሜትር ሊፈጅ ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ የያማሃና የሲ-ዱ ሞዴሎች በግራ እጅ የሚጫን ብሬክ አላቸው። የእናንተ እንዳለው ጠይቁ፤ የሌለው ብዙ ነው።

ሰው በሌለበት ሰፊ ቦታ በቅደም ተከተል ይሄን አድርጉ፦

ሀ. በትንሽ ጋዝ ቀጥታ ሂዱ። ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፤ መሪውን አጥብቃችሁ አትጨብጡት፣ ያዙት።

ለ. በመካከለኛ ፍጥነት ላይ ሳላችሁ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ልቀቁና መሪውን አዙሩ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ በዓይናችሁ እዩት። ይሄን ሳያዩ የሚያምን ሰው ጥቂት ነው።

ሐ. አሁን ጋዙን ቀንሱ፤ ሲሶ ያህል ግን ይዛችሁ አቆዩ። መሪውን አዙሩ። ይታጠፋል።

መ. አስተማሪው ተንሳፋፊ ምልክት ያስቀምጥላችሁ። ወደሱ ሂዱና 30 ሜትር ያህል ሲቀር ጋዝ እንደያዛችሁ ታጠፉ። ቀኝም ግራም።

«መ»ን ደጋግሙት። እስከ መቼ? እጃችሁ ሳታስቡ ጋዙን ይዞ መቆየት እስኪጀምር። እዚያ ሳትደርሱ ወደ ደረጃ 7 አትለፉ። ገንዘብ ከፍሎ «መለማመድ ብቻ» የሚያበሳጨው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ግን የቀረው ጉዞ ሁሉ በዚህ ላይ ነው የቆመው።

ደረጃ 7፦ ጉዞውን ከነፋሱ ተቃራኒ ጀምሩ

ካስካዚ በሚነፍስባቸው ወራት መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮንጎ ወንዝ (ዲያኒ ጫፍ ላይ ወደ ባሕር የሚገባ ትንሽ ወንዝ) መግቢያ አቅጣጫ ሂዱ። ኩሲ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጋሉ የባሕር ዳርቻ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሲደክማችሁና ነዳጅ ሲቀንስ ነፋሱ ወደ ቤታችሁ ይገፋችኋል። በተቃራኒው ከሄዳችሁ መመለሻው ከባድ ይሆናል።

ነዳጁን በሦስት ክፈሉት። አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለማይታወቅ ነገር። ሲሶው ሲያልቅ የትም ብትሆኑ ዙሩ።

ከኮራሉ ግድግዳ ወዲያ አትውጡ። ነጭ አረፋ የሚሰበርበት መስመር እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ የሕንድ ውቅያኖስ ሞገድ ነው ያለው፤ ለጀማሪ አይሆንም። ወንዝ መግቢያው አካባቢም አሸዋ ስለሚከማች ፍጥነት ቀንሱ። ውሃው ከሰማያዊ ወደ ቡኒ ወይም ወደ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሲቀየር ጥልቀቱ አነሰ ማለት ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጥላ የሚመስለው ሣር ወይም ድንጋይ ነው። ሣሩ ላይ የባሕር ኤሊዎች ይመገባሉ፤ ለመተንፈስ ብቅ ይላሉ። እዚያ ላይ ቀስ በሉ።

ሌላ ጀልባ ፊት ለፊት ከመጣ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ኬንያ መኪና በግራ ነው የሚነዳው፤ ባሕር ላይ ግን ቀኝ ነው። ከቀኛችሁ አቋርጦ ለሚመጣ ቅድሚያ ስጡ። ሸራ ላላቸውና በመቅዘፊያ ለሚሄዱ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ሁልጊዜ ራቁላቸው፤ እንደናንተ ፈጥነው መዞር አይችሉም። ከዋናተኛ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ። ከመታጠፋችሁ በፊት ደግሞ ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ ጄት ስኪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጋጩት እርስ በርስ ነው። ከጓደኛ ጋር ከወጣችሁ እየተከታተሉ መሯሯጥና ውሃ መረጫጨት ይቅር።

ደረጃ 8፦ ብትወድቁ

ትወድቃላችሁ። ምንም አይደለም። በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ ሁለት ሦስቴ ተንፍሱ፣ ከዚያ ወደ ጄት ስኪው ኋላ ሂዱ። ሞተሩ መጥፋቱን አረጋግጡ። ከጎን ለመውጣት አትሞክሩ፤ ይገለበጥባችኋል። በኋላ በኩል ባለው መሰላል ወይም መያዣ መሐል ለመሐል ውጡ። ሁለት ከሆናችሁ ነጂው ይቅደም።

ከተገለበጠ ኋላው ላይ ቀስት ያለው ተለጣፊ አለ። በቀስቱ አቅጣጫ ብቻ መልሱት። በሌላ በኩል ከገለበጣችሁት ውሃ ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቶሎ መልሱት፤ ተገልብጦ ብዙ መቆየት የለበትም።

አልነሳ ካለ ትታችሁት አትዋኙ። ዳርቻው ቅርብ ቢመስልም አትዋኙ። ጄት ስኪው ይንሳፈፋል፤ ከሩቅም ይታያል። የእናንተ ጭንቅላት ግን አይታይም። ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ፊሽካ ንፉ፣ ሁለት እጃችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ ለአከራዩ ደውሉ። የኬንያ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 999 ነው።

ደረጃ 9፦ መልሱ

ዳርቻው ከመድረሳችሁ 50 ሜትር ቀደም ብላችሁ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ውረዱ። ውሃው አንድ ሜትር ሲሆን ሞተሩን አጥፉና ገፍታችሁ አውጡት። ጫማችሁን አታውልቁ፤ ድንጋዩ ላይ ረጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው የባሕር እንስሳት አሉ፤ እሾሃቸው እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። እንደገና ቪዲዮ አንሱ። መያዣችሁን እዚያው ተቀበሉ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*ጠጥቶ መንዳት።* በዓል ነው ተብሎ ከምሳ ጋር ሁለት ቢራ የጠጣ ሰው አይንዳ። ሙቀቱና የውሃው መናጥ ስካሩን ያባብሰዋል። አረቄማ አይነሳም።

*ውሃ ሳይጠጡ መውጣት።* የደብረ ብርሃን ሰው እንደዚያ ያለ እርጥበት ያለው ሙቀት አልለመደም። ባሕር ላይ ስለሆነ አይታወቀውም። ራስ ምታት ከጀመረ ተመለሱ።

*በአንድ እጅ ስልክ መቅረጽ።* የጋዙ መጫኛ በቀኝ እጅ ነው። ቀኝ እጁን ለስልክ የሰጠ ሰው ጋዝ ለቋል፤ መሪም የለውም። ቪዲዮውን ዳርቻው ላይ ያለ ሰው ያንሳላችሁ።

*ሞገድን በፍጥነት መዝለል።* ጀማሪ ወገቡን የሚጎዳው እንዲህ ነው። የሌላ ጀልባ ሞገድ ሲመጣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከመቀመጫው ትንሽ ተነሱ፣ በትንሹ አግድም አድርጋችሁ እለፉት።

*ተሳፋሪን ሳያስጠነቅቁ መነሳት።* ነጂው በድንገት ጋዝ ሲሰጥ ኋላ ያለው ሰው ወደ ኋላ ይወረወራል። የሚወድቀውም ያ ኃይለኛ ውሃ በሚወጣበት በኩል ነው። ተሳፋሪው ወገባችሁን ወይም የጃኬታችሁን ማሰሪያ በሁለት እጁ ይያዝ። «ልነሳ ነው» በሉት፤ «እሺ» እስኪላችሁ ጠብቁ፤ ከዚያ ጋዙን ቀስ በቀስ ጨምሩ።